ከአሥረኛው ፊደል በኋላ

የእህቴ ባል ጎረቤታችንን መጀመሪያ በጥፊ የመታው እኔ ካነበብኩለት ዝርዝር የተነሳ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ተከተለ፤ ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

የእህቴ ባል በያጅ ነው። ሰፈሩ «በያጁ» ይለዋል፣ እኔ «ጋሼ»። ከቤታችን ደጃፍ ቆርቆሮ ዘርግቶ በሥሩ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ክንዶቹን ብልጭታ በሳስቷቸው ቆዳው ወንፊት መስሏል። ቁጣው ቶሎ ነዶ ቶሎ ይበርዳል ይሉታል። እውነት ነው፤ የሚበርደው ግን አንድ ነገር ከተሰበረ በኋላ ነው። እነሱ ቤት በኖርኩበት አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ወንበር፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር፣ አንድ ጊዜም የገዛ ትንሽ ጣቱ ተሰብሯል። እህቴን መትቷት አያውቅም። ይህም መነገር አለበት።

ችግሩ የመጣው በቦክስ በኩል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግጥሚያ በኢንተርኔት ሲተላለፍ ጋሼ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ልክ ቡጢው ሲሰነዘር ምስሉ ቀጥ ይላል። ቡጢው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና ያቺ ክብ ምልክት መሽከርከር ትጀምራለች። ምስሉ ሲመለስ አንደኛው ቦክሰኛ መሬት ላይ ተዘርሯል።

«ማን መታው? በየት በኩል መታው?» ይላል ጋሼ። ተነስቶም ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ራውተር በመዳፉ ይወቅጣታል። «አንተ የተማርከው! ኮሌጅ አራት ዓመት የተቀመጥከው ወንበር ልታሞቅ ነው?»

«ብትመታት አትሰማህም ጋሼ።»

«አንተንስ ብመታህ ትሰማኛለህ?»

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሸጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነጻዎቹ ግን ከበቂ በላይ ናቸው። በጎ ፈቃደኞች የጻፏቸው፣ ማንም አውርዶ የሚጠቀምባቸው ናቸው። እኔ ሦስት ነበሩኝ። አንደኛው ከራውተሩ ጋር የተገናኘውን መሣሪያ ሁሉ ይዘረዝራል። ሁለተኛው በአካባቢው ያለውን ኔትወርክ በስሙና በጉልበቱ ለይቶ በሥዕል ያሳያል። ሦስተኛው አየር ላይ የሚያልፈውን የኔትወርክ መልእክት ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል። የመጀመሪያውን አስነሳሁ። ስድስት መሣሪያ ወጣ። አምስቱን አወቅኋቸው፤ ቴሌቪዥኑ፣ የጋሼ ስልክ፣ የኔ ስልክ፣ ኮምፒውተሬ፣ አሮጌው ታብሌት። ስድስተኛው ስም የለውም። «ያልታወቀ» ይላል።

«አንድ የማላውቀው አለ» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። «ቆይ ላጣራ» ልለው ነበር። ከአፌ ሳይወጣ ጋሼ ወጥቶ በሩ ከኋላው ተላተመ።

ከግድግዳችን ወዲያ ሰዓት ሠሪ ይኖራል። «ጋሽ ሰዓት» ይሉታል። ቀጭን ሰው ነው፤ ከአልጋ የማትነሳ እናቱን ያስታምማል፣ መስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ገጥሞ ሲያጎነብስ ይውላል። ይንተባተባል። ቃሉ አፉ ውስጥ ይሰነቀርና እስኪወጣ ድረስ የሚታገሠው ሰው የለም፤ ሁሉም ይጨርስለታል። ሱቅ ሄዶ «ባ… ባ…» ሲል ባለሱቋ ባትሪ ትሰጠዋለች። የፈለገው ባልዲ ቢሆንም ባትሪውን ይዞ ይመለሳል።

ሮጬ ስደርስ ጋሼ በመስኮቱ አጎንብሶ ገብቶ አንገትጌውን ጨብጦ ከወንበሩ አንስቶታል። ማጉያው ገና ዓይኑ ላይ ነው።

«የኔን ኔትወርክ ትጠጣለህ አይደል? ተናገር!»

«አል… አል…»

«አልክድም ነው? ጎሽ! ወንድ ነህ!»

ጥፊው ማጉያውን ከዓይኑ ነቅሎ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ሁለተኛው ጥፊ ሰውየውን በጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ሰዓት ነበር፤ ብሎኖቹና ባለጥርስ ጎማዎቹ ወለሉ ላይ ዘነቡ። የጋሽ ሰዓት ቅንድብ ተሰንጥቆ ደሙ በአፍንጫው ጎን ወረደ። ከውስጥ እናቱ «ምን ወደቀ? ልጄ፣ ምንድን ነው የወደቀው?» እያለች ትጣራለች። እሱ ለእናቱ እንኳ መልስ ማውጣት አቃተው።

ጋሼን በወገቡ ይዤ ጎተትኩት። ሲመለስ እየተነፈሰ ይስቅ ነበር። «አየህ? መድኃኒቱ ይህ ነው» አለኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ ቡጢው እንደገና አየር ላይ ተንጠለጠለ።

«እንግዲያው ስሙን ቀይርልኝ» አለ ጋሼ። የኔትወርኩን ስም ማለቱ ነው፤ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ላይ የሚታየውን። «“ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል” ብለህ ጻፍልኝ። ሰፈሩ ያንብበው።»

ጻፍኩ። ስልካችን ላይ የወጣው ግን «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይል» ነው። ከኋላው አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ተለጥፋበታለች።

«“ሳል” የት ገባ?»

«ቦታ አልበቃውም። ለስም የሚሰጠው ሠላሳ ሁለት ባይት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል፤ የኛ አንዱ ፊደል ሦስት ይበላል፤ ክፍት ቦታ ደግሞ አንድ። አሥር ፊደል ገደማ ላይ ሲደርስ ይቆርጠዋል።»

«የኛ ፊደል ሆዳም ነው በለኛ!» ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። «በል አሳጥረው። “ሌባ አንተ ጎረቤት” በል።»

ዘጠኝ ፊደል ነው፤ ገባ። ይህን ጨዋታ በማግስቱ ረሳሁት። ዛሬ ድረስ የሚከነክነኝ መርሳቴ ነው።

በሁለተኛው ቀን ከግድግዳው ወዲያ ያለው ኔትወርክ ስሙን ቀየረ፤ «ሌባ አይደለሁም» ይላል። ጋሽ ሰዓት መልስ መስጠቱ ነበር። ምላሱ ለሚይዘው ሰው ጥሩ መናገሪያ አገኘ፣ ማንም አያቋርጠውም ብዬ ደስ አለኝ።

ጋሼ ደስ አላለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረት ሲፈጭ ፊቱን ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ጋሽ ሰዓት መስኮት አዞረ። ብልጭታው እንደ ዝናብ መጋረጃው ላይ ይወርዳል። መጋረጃው ተበሳ፣ ጠርዙ ነደደ፤ ጋሽ ሰዓት በባዶ እጁ ጨምቆ ሲያጠፋው አየሁት። መዳፉን እያራገበ ወደ ሱቅ ሄደ። እዚያ ለባለሱቋ የነገራትን ያወቅሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። «ቤ… ቤቴን… ያ… ያቃጥ…» ነበር ያለው፤ በያጁ ቤቴን ያቃጥላል ለማለት። እሷ እንደ ባትሪው ሁሉ የመጣላትን ሰጠችው። ያን ዕለት እየሮጠች እህቴ ጋ መጣች።

«እናንተዬ ተጠንቀቁ! ቤታቸውን አቃጥላለሁ ብሎ ሲዝት በዚህ ጆሮዬ ሰማሁት!»

«ማን? ጋሽ ሰዓት?» አልኩ። «እሱ እኮ ክብሪት ለመጫር እንኳ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ነው።»

«ዝምተኛን ፍራ፤ ውስጡን ማን አይቶ!»

ጋሼ አልጮኸም። ከቁርጥራጭ ብረቶቹ መሀል የክንድ ርዝመት ያለው ፌሮ መረጠና በሩ ጀርባ አቆመው። ከዚያ ስሙን ራሱ ቀየረው፤ እንዴት እንደሚቀየር ከኔ አይቶ ለምዷል። «ወንድ ከሆንክ ሞክር» ብሎ ጻፈ። አሥር ፊደል፤ በአጋጣሚ ምንም አልተቆረጠም።

ሰፈሩ ተገለበጠ። ባለሱቋ ያንኑ ወሬ ለእያንዳንዱ ዕቃ ገዢ መረቀች። ልጆች ጋሽ ሰዓትን መንገድ ላይ «እሳት! እሳት!» እያሉ ይከተሉት ጀመር። አንዱ የወረወረው ድንጋይ ከጆሮው በላይ ፈነከተው።

እኔ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ልል ቸኮልኩ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ሦስቱንም ፕሮግራሞች አስነሳሁ። መጀመሪያ ያን «ያልታወቀ» መሣሪያ ለማግኘት በቤቱ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋሁ። እህቴ ያን ሰሞን እኔ ሳላውቅ የገዛችውን አዲስ ስልክ ሳጠፋ «ያልታወቀ» አብሮ ጠፋ። ሳበራው ተመለሰ። አዳዲስ ስልኮች እውነተኛ መለያ ቁጥራቸውን አያሳዩም፤ ለየኔትወርኩ ጭምብል ያጠልቃሉ። ሌባው እህቴ ነበረች፤ የሰረቀችውም ከገዛ ቤቷ።

«እትዬ፣ ነይ እይ» አልኳት በሹክሹክታ። አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ዛሬ እንዳትነግረው» አለች። «ካፈረ ይብሳል። አውቀዋለሁ፤ ቀስ ብዬ እኔ እነግረዋለሁ።»

እሺ አልኳት። ቀጥሎ ሁለተኛውን ፕሮግራም ተመለከትኩ። እያንዳንዱ ኔትወርክ እንደ ኮረብታ ሆኖ በቆመበት ቻናል፣ ማለትም የሞገድ መስመር ላይ ይሳላል። ሁለት ትልልቅ ኮረብታዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጭነዋል፤ የኛና የጋሽ ሰዓት። ሁለቱ ራውተሮች ከአንድ ሱቅ የተገዙ አንድ ዓይነት ናቸው። ከአንዲት ስስ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ጀርባ ለጀርባ ተሰቅለዋል፤ ሁለቱም ቻናል ስድስት ላይ ይጮኻሉ። ማንም ከማንም አልሰረቀም። ሁለት ሰዎች አንዱ በሌላው አፍ ውስጥ እየጮኹ ማንም ማንንም አልሰማም፤ ይኸው ነው። እኛ ወደ አንድ ብንወርድ፣ እሱ ወደ አሥራ አንድ ቢወጣ ነገሩ አለቀ።

«ጋሼ!» አልኩ። «አገኘሁት!»

ጋሼ ከሶፋው ዘወር አለ። በዚያች ቅጽበት ሥዕሉ ላይ የጋሽ ሰዓት ኮረብታ ጠፍታ ተመለሰች። ስሟ ተቀይሯል።

እህቴም ስልኳ ላይ አይታዋለች። «ኧረ በሞትኩት!» ብላ ጮኸች። ፎቶ አነሳችው። ጋሼ ስልኩን ከእጇ ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበ።

«“ቤትህን አቃጥላለሁ”።»

ከስሙ ጎን ፕሮግራሙ በትንሽ ቁጥር ርዝመቱን ጽፏል፤ ሠላሳ ሁለት። ዓይኔ አየው። ጭንቅላቴ ግን እግር አልነበረውም። እስኪደርስ ጋሼ ፌሮውን ከበሩ ጀርባ አንስቶ ሄዷል።

የጋሽ ሰዓት በር በሁለት እርግጫ ተነቀለ። ከጋሼ ኋላ ስገባ ሰውየው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፤ ግራ እጁ ላይ የእናቱን ታብሌት ይዞ ከአዲሱ ስም ጋር ሊያገናኘው በአውራ ጣቱ ይነካካል። ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀና ብሎ ፌሮውን አየ።

«አላ… አላ…» አለ። «አላ…»

ብረቱ እጁ ላይ ወረደ። ድምፁ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር ያለው ዓይነት ነበር። ጋሽ ሰዓት አልጮኸም፤ ጩኸቱም እንደ ቃሉ ጉሮሮው ውስጥ ተሰነቀረ። ሁለተኛው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ሦስተኛው ኮምፒውተሩን ለሁለት ከፈለው። ጋሼ ራውተሩን ከግድግዳው ከነገመዱ መንጭቆ በተረከዙ ፈጨው።

«አቃጥል! በየትኛው እጅህ ነው የምታቃጥል? አሳየኝ!»

ጀርባው ላይ ተንጠለጠልኩ። ክርኑ አፌን አገኘውና አንድ ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሰዓቶች አንድ በአንድ ረገፉ። ጋሼ ፌሮውን ለአራተኛ ጊዜ አነሳ፤ አሁን ያነጣጠረው ጭንቅላቱ ላይ ነበር።

እናቱ ከአልጋዋ ወድቃለች። በክንዷ እየተሳበች በመስታወት ስብርባሪ ላይ መጥታ የጋሼን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ጨበጠች። አልለመነችውም፤ አልተራገመችም። ጨብጣው ብቻ ቀረች። ጋሼ ወደ ታች ተመለከተ። ክርኖቿ ደም ለብሰዋል። ፌሮው ከእጁ ወደቀ።

ሐኪሙ የጋሽ ሰዓትን እጅ በጀሶ ጠቀለለው። ሦስት አጥንት ተሰብሯል፣ የአውራ ጣቱ ጅማት ተበጥሷል። «ማንኪያ ይይዛል» አለ ሐኪሙ። «ወረንጦ ግን እንጃ።» ሰዓት ሠሪ ያለ ወረንጦ ምን እንደሚሆን ሐኪሙም ያውቃል፤ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

ጋሼ ታሰረ። በሁለተኛው ቀን ግን ነገሩ ዞረ። እህቴ ፎቶውን ለመርማሪው አሳየች። መርማሪው ሆዱ ቀበቶውን ያሸነፈ፣ ሳቁ የሚቀርበው ሰው ነበር። ፎቶውን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ።

«ይህማ ግልጽ ዛቻ ነው» አለ። «ባልሽ ቤቱን ሊከላከል ገባ ማለት ነው። ይህ ከተያዘ በዋስ ይወጣል። ተከሳሹ ያኛው ይሆናል።»

ጋሽ ሰዓት ከሆስፒታል መጥቶ ቃሉን ሰጥቶ ነበር። ከብዙ ትግል በኋላ «አላልኩም ነው የጻፍኩት» አለ አሉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ መለሰለት መርማሪው። «ፎቶውም እንደዚያው ነው። “አላልኩም” የሚል የለበትም።»

ያን ቀን ቤት ተመልሼ ሦስተኛው ፕሮግራም የመዘገበውን ከፈትኩ። ጋሽ ሰዓት ስሙን የቀየረባት ደቂቃ አለች። ባይቱን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። «ቤትህን»፣ አሥራ ሁለት። ክፍት ቦታ፣ አንድ። «አቃጥላለሁ»፣ አሥራ ስምንት። ሠላሳ አንድ ሆነ። ሠላሳ ሁለተኛው ባይት እንደገና ክፍት ቦታ ነው። ከመጨረሻው ቃል በኋላ የገባ ክፍት ቦታ።

ቃል ሊቀጥል ያላሰበ ሰው ከቃሉ በኋላ ቦታ አይተውም።

በኛ ራውተር ሞከርኩት። «ቤትህን አቃጥላለሁ አላልኩም» ብዬ ጻፍኩ። በራውተሩ ገጽ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ስልኬ ላይ የወጣው ግን «ቤትህን አቃጥላለሁ» ነው። «ሆዳም ነው በለኛ» ያለው የጋሼ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ተመለሰ።

እህቴ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

«አጥፋው» አለች።

«እትዬ፣ ሰውየው አላልኩም ነው ያለው። ሊታረቅ ፈልጎ ነው።»

«ሰማሁ። አጥፋው። አንተ ብትናገር እጁ ይጠገናል?»

«አይጠገንም። ግን እጁን ሰብረን እሱኑ ልናሳስረው ነው።»

«ባሌ ነው! ያበላህ፣ ያስተኛህ ሰው ነው! ለሱ ወንድም አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ዝም በል!» የያዘችውን ብርጭቆ ወረወረች። ከግንባሬ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰብሮ አንዱ ስባሪ ጉንጬን ጫረኝ። ደሙን ስታይ ደነገጠች፤ ልትጠርግልኝ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። «ከተናገርክ» አለች በቀስታ፣ «ሻንጣህን ይዘህ ትወጣለህ።»

አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ጀግና አልነበርኩም። የጠፋው ጥርሴ ቦታ ላይ ምላሴን እያዞርኩ ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት ራውተሩን ከግድግዳው አውርጄ በፌስታል ከተትኩና ጣቢያ ሄድኩ። እህቴ ከኋላዬ ተከተለችኝ።

መርማሪው ጋሼን ከእስር ክፍል አስመጣ፤ እጆቹ ከፊት በካቴና ታስረዋል። ጋሽ ሰዓት እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ራውተሩን ከሶኬት ሰካሁት።

«ጌታዬ፣ መቼም የማያደርጉትን ነገር አደርጋለሁ አላልኩም ብለው ያጽፉኝ» አልኩ።

«ምን ዓይነት ፈተና ነው? እሺ። “ጉቦ እቀበላለሁ አላልኩም” ብለህ ጻፍ» አለና ሳቀ። ፖሊሶቹም ሳቁ።

ከዓረፍተ ነገሩ ፊት «እኔ» ጨመርኩበት። በጣቴ ቆጥሬ ነበር፤ ከ«አላልኩም» በፊት ልክ አሥር ፊደል ሞላ። «አሁን ስልክዎን ይመልከቱ።»

ተመለከተ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስም ስልኩን አወጣ፤ ቀጥሎ ሌላው። ከኮሪደሩ አንድ ድምፅ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «“እኔ ጉቦ እቀበላለሁ”? ማነው ደግሞ ይሄ ደፋር?»

«አጥፋው!» አለ መርማሪው። «ሰው ሳያይ አጥፋው! “አላልኩም” የት ሄደ?»

«ተቆረጠ። አሥር ፊደል ላይ ቆረጠው። የጋሽ ሰዓትም እንዲሁ ነው የተቆረጠው።» ከዚያ የጋሽ ሰዓትን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና አሳየሁት፤ የተመዘገበውንም፣ የመጨረሻዋን ክፍት ቦታም። የእህቴን ስልክ ጭምብልም ነገርኩት፤ ሌብነት እንዳልነበረ፣ ሁለቱም ቻናል ስድስት ላይ ይጮኹ እንደነበር። ቀስ ብዬ አስረዳሁ፤ ልማዴ ነው።

ጋሼ የመርማሪውን ስልክ ለረጅም ጊዜ አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ፊደል ይቆጥር ነበር።

«አሥር» አለ። «ነግረኸኝ ነበር። ስቄ ነበር።»

«ጋሼ—»

«አንተ ታውቅ ነበር!» ዘለለ። የካቴናው ሰንሰለት አንገቴ ላይ ገባ፤ ከወንበሬ ጋር ገለበጠኝ። «ለምን አልጮህክም? ለምን እንዲህ ቀስ እያልክ ታወራለህ? አንድ ቃል ብትጮህ ኖሮ!» ዓይኑ ደም ለብሷል፣ እንባውም ፊቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። መተንፈስ አቃተኝ። የፖሊሱ ዱላ ጀርባው ላይ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ ሲወርድ በሱ አካል በኩል ተሰማኝ። በመጨረሻ ሰንሰለቱ ላላ። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን እናቃስት ነበር።

ያኔ ጋሽ ሰዓት ተነሳ።

«አል…» አለ። «አል… አል…»

እህቴ እግሩ ሥር ወደቀች። «አልከስም ነው! አልከስም ሊል ነው፤ እግዜር ይስጥልን!»

«አልምርም ነው እንጂ» አለ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ። «እንዲህ ሰብሮት?»

«አላውቅም ይሆናል» አለ መርማሪው።

«ይጨርስ» ልል ሞከርኩ፤ ሰንሰለቱ ባነቀው ጉሮሮዬ ድምፅ አልወጣልኝም። ጋሽ ሰዓት ዙሪያውን አየ። አፉን ዘጋ። በግራ እጁ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

«ነገ በጽሑፍ ያምጣ» አለ መርማሪው ስልኩን ኪሱ እየከተተ። «በአሥር ፊደል እንዳይሆን ብቻ።» ጋሼን ወሰዱት፤ መውጫው ላይ ዞሮ የጋሽ ሰዓትን ባዶ ወንበር አየ።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ራውተር ገዝቼ ጋሽ ሰዓት ቤት ሄድኩ። ከሆስፒታሉ መልስ ጎረቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አውሶታል። እናቱ ክርኖቿ ታስረው አልጋዋ ላይ ነበረች፤ አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ራውተሩን ከሩቁ ግድግዳ ሰቅዬ ቻናል አሥራ አንድ ላይ አደረግሁት።

«ስሙን ምን ልበልዎት?» አልኩት። አልቸኮልኩም። ቆሜ ጠበቅሁ።

«እ… እኔ… ራ… ራሴ» አለ። ወንበሩን ስቦ ፊቴን ወደ በሩ እንዳዞር በግራ እጁ አመለከተኝ።

ቤት ተመልሼ ሻንጣዬን ዘጋሁ። ከመውጣቴ በፊት የኛን ራውተር ቦታው መለስኩና ቻናል አንድ ላይ አወረድኩት። ጣቢያ የጻፍኩበትን አጥፍቼ፣ የጋሼን «ወንድ ከሆንክ ሞክር»ም ሳልመልስ ስሙን የቤት ቁጥራችን አደረግሁት። ከዚያ ኮምፒውተሬን ሻንጣው ላይ አስቀምጬ ሁለተኛውን ፕሮግራም ከፈትኩ። አንደኛው ኮረብታ በግራ ቆሟል። ቀኙ ባዶ ነው። እህቴ መጥታ ከኋላዬ ቆመች፤ እኔን አላየችም፣ ስክሪኑን ብቻ።

ጥቂት ቆይቶ በቀኝ በኩል፣ አሥራ አንድ ላይ፣ ሌላ ኮረብታ ተነሳች። መጀመሪያ የፋብሪካ ስሟን ይዛ ነበር። ጠፋች። ተመለሰች።

«አልተውም» ይላል።

እህቴ ደጋግማ አነበበችው። «ቀሪውስ?» አለች። ድምጿ ቀጥኗል። «ቀሪው የት አለ? ተቆርጦ ነው አይደል? “አልተውም” ብሎ ከዚያ… ምን ሊል ነው?»

ርዝመቱን አየሁ። አምስት ፊደል፣ አሥራ አምስት ባይት። ከኋላው ክፍት ቦታ የለም።

«ቀሪ የለውም እትዬ» አልኳት።